ቺቼን ኢትዛ ብለው ሸጠው ሱቅ ያስጎበኙናል

ይሄን ሳልጽፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዛሬ ከካንኩን፣ ከሜክሲኮዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ በአስጎብኚ አውቶቡስ ቺቼን ኢትዛን፣ የጥንት ማያ ሕዝብ ከተማ ፍርስራሽን፣ ልናይ ሄደን ነበር። እማማን ታውቋቸዋላችሁ፤ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውም ታውቃላችሁ። ሰዓቱን ሁሉ በሀበሻ ነው የምጽፈው።

ገና መንገድ ላይ እያለን አስጎብኚው ማይክራፎኑን ይዞ «መግቢያ በጥሬ ገንዘብ አዘጋጁ» አለ። እማማ በልጃቸው በኩል «ሁሉም ተከፍሏል አላላችሁም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«የከፈሉት ለአውቶቡሱ ነው፣ ሲኞራ። ፍርስራሹ ለብቻው ነው።»

«ወረቀቱ ላይ ቺቼን ኢትዛ ይላል እኮ!»

«ከታች ያለውን ትንሹን ጽሑፍ ያንብቡ። ገንዘብ ከሌለዎት በሩ ጋ ቁጭ ብለው ይጠብቁን።»

በማይክራፎን! አውቶቡስ ሙሉ ሰው እየሰማ! እማማ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ዝም አሉ። ቁጭ ብለው ይጠብቁን? ለእናት እንዲህ ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የቺቼን ኢትዛ መግቢያ ሁለት ክፍያ ነው፤ አንዱ ለሜክሲኮ ፌዴራል የቅርስ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ፍርስራሹ ላለበት ለዩካታን ግዛት። ለውጭ አገር ሰው ሁለቱ ተደምረው ከ600 ፔሶ በላይ ይሆናሉ። የጉዞ ሻጮቹ ዋጋቸው ርካሽ እንዲመስል ይሄን ከውጭ ይተዉትና አውቶቡስ ውስጥ ይሰበስቡታል። በዶላር ልክፈል ካላችሁ ምንዛሪውን የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ስትገዙ «የሁለቱም መግቢያ፣ ምሳና ሴኖቴ ተካቷል ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ አስመልሱ (ሴኖቴ የሚሉት የሚዋኝበት የተፈጥሮ የውሃ ጉድጓድ ነው)። ምሳ ተካቷል ማለት ደግሞ ውሃ ተካቷል ማለት አይደለም፤ ቡፌው ላይ መጠጥ ለብቻው ይታሰባል። ሴኖቴው ጋ የዋና ጃኬት ግዴታ ነው ይሏችሁና ኪራይ ይጠይቃሉ። ሰንስክሪን ተቀብቶ መግባትም ክልክል ነው፣ መጀመሪያ ሻወር።

ቆይ፣ የሰዓቱን ነገር። ካንኩን ያለበት ኪንታና ሮ ግዛት ከዩካታን አንድ ሰዓት ይቀድማል። ድንበሩን ስታልፉ ስልካችሁ በራሱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። አስጎብኚው «8 ሰዓት አውቶቡስ ጋ» ሲል በካንኩን ሰዓት ከሆነ፣ ስልካችሁ ላይ ገና 7 ሰዓት ነው። ስልኩን አምኖ የዘገየው ሰው ተሰደበ! አንዴ «በካንኩን ሰዓት» ማለት ምን ያስከፍላል?

ደግሞ ቀኑ የት እንደሚሄድ ቁጠሩት። ጠዋት 1 ሰዓት ሆቴል በር ላይ ያቆሟችኋል። በየሆቴሉ እየዞሩ ሰው ይለቅማሉ። ከዚያ 200 ኪሎ ሜትር። ከዚያ «የማያ ሕብረት ሥራ» የሚሉት ሱቅ፣ አስጎብኚው ከሽያጩ ድርሻ የሚያገኝበት። ፍርስራሹ ጋ ስትደርሱ ቀትር ሆኗል፣ የተረፋችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አደባባዩ ላይ ጥላ የሚባል የለም። ቦታው የሚከፈተው በዩካታን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር፤ ያን ቅዝቃዜ ሱቅ ውስጥ በላነው።

ሱቁ ውስጥ ያየሁት ደሜን አፈላው። «የማያ ካላንደር» ብለው በብርና በቆዳ ሠርተው የሚሸጡት ክብ ነገር የማያ አይደለም፤ የአዝቴኮች፣ የሌላ የጥንት የሜክሲኮ ሕዝብ፣ የፀሐይ ድንጋይ ነው፣ በ1790 ሜክሲኮ ሲቲ የተገኘው። ፊት ቆሞ የሚያስረዳው ሰው ይሄን አያጣውም! በዚያ ላይ ደግሞ «ማያዎች ጠፉ» ይላል። የት ጠፉ? በዩካታን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ዛሬም ማያኛ ይናገራል፤ በሩ ላይ ባርኔጣ የምትሸጠው እናት ራሷ ልትሆን ትችላለች። ላሊበላን ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው የሠሩት ሲባል እንዴት እንደሚያንገበግበን እናውቃለን።

እና ምን አመለጠን መሰላችሁ? ፒራሚዱ፣ ኤል ካስቲዮ፣ በአራቱም ጎን 91 ደረጃ አለው፤ 364። ላይኛውን መድረክ ስትጨምሩ 365፣ የዓመቱ ቀን። መውጣት ከቆመ ዓመታት ሆነውታል፣ እሱ ይሁን። ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ብታጨበጭቡ ማሚቶው እንደ ወፍ ጩኸት ሆኖ ይመለሳል። የኳስ ሜዳው 168 ሜትር ርዝመት አለው። በስተደቡብ ያለውን ክቡን ግንብ፣ ካራኮልን፣ ከዋክብት ያዩበት ነበር የሚባለውን፣ «ጊዜ የለም» ብሎ ዘለለው። ቅዱሱ ጉድጓድም ወደ 300 ሜትር የእግር መንገድ ስለሆነ ቀረ። የቦታው ስም ራሱ «በኢትዛዎች ጉድጓድ አፍ» ማለት ሆኖ ሳለ ጉድጓዱን ሳናይ ተመለስን!

የምትሄዱ ካላችሁ ከካንኩን የአንድ ቀን ጉዞ አትግዙ። ቫያዶሊድ የምትባለው ከተማ እደሩ፤ ከዚያ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የጋራ ሚኒባስ አለ። በሩ ሲከፈት ድረሱ፣ አስጎብኚ እዚያው በር ላይ ለቡድናችሁ ብቻ ተዋዋሉ። ውሃ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር፣ ባርኔጣ፣ ዝርዝር ፔሶ። እሑድ አትሂዱ፤ ለሜክሲኮ ዜጎች የፌዴራሉ ክፍያ ነፃ ስለሆነ ይጨናነቃል። አውቶቡሶቹ ማራገፍ ሲጀምሩ እናንተ ጨርሳችሁ ትወጣላችሁ።

እማማ ሆቴል ገብተው ተኝተዋል። «ሕንፃውስ ያምራል» ብቻ ነው ያሉት።