እርማት፦ በአልኮል የተጠረገ መቀስ እትብት ለመቁረጥ አይበቃም

ለቤት ውስጥ ወሊድ ስለሚዘጋጁ ዕቃዎች ሲነሳ፣ «የቤት መቀስ በአልኮል ከተጠረገ እትብት ለመቁረጥ ይበቃል» የሚል ምክር በቅንነት ሲሰጥ ስላየሁ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። አልኮል ብዙ ሕያው ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ባክቴሪያ ግን ጠንካራ ሽፋን ባለው ስፖር መልክ ስለሚቆይ አልኮል አያጠፋውም፣ በውኃ መቀቀልም አስተማማኝ አይደለም። ስፖሩን የሚያጠፋው አውቶክሌቭ በሚባል የሕክምና ዕቃ ማምከኛ (ከጀርም ሙሉ በሙሉ ማጽጃ) መሣሪያ ውስጥ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የታመቀ እንፋሎት ነው።

ስፖሩ በተቆረጠው እትብት በኩል ከገባ መዘዙ ከባድ ነው፦ በጤና ተወልዶ ሁለት ቀን በደንብ ሲጠባ የቆየ ሕፃን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መጥባት ያቅተዋል፤ ከዚያም መንጋጋው ይቆለፋል፣ ሰውነቱም ይገተራል።

ስለዚህ የሚዘጋጀው ምላጭ የታሸገና ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ይሁን። ማሸጊያው እንዳልተቀደደና እርጥበት እንዳልነካው፣ ጊዜው እንዳላለፈ፣ የማምከን ጠቋሚ ምልክት ካለውም ቀለሙ በማሸጊያው ላይ እንደተገለጸው መለወጡን ተመልከቱ። የእናቲቱ የቴታነስ ክትባት መሟላቱም ከክትባት ካርዷ ይታያል። የታሸገ ምላጭ ከሌለ ደግሞ እትብቱን ለመቁረጥ መቸኮል አያስፈልግም፤ ሕፃኑን አድርቆ በእናቱ ደረት ላይ በማሞቅ ባለሙያ እስኪደርስ መጠበቅ ይቻላል።