እሽጉ አይበተን

የድሮ ባለርስት ቤተሰብ ወረቀት የሞላበት ሣጥን ሲከፈት መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ከዚህ ውስጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው?» ጥያቄው ክፋት የለበትም። ነገር ግን የእንግሊዝ ገጠር ባለርስቶች ሰነድ እንዴት ተጎራርዶ እንደ ደረሰን የተከታተለ ሰው፣ ይህ ጥያቄ ከአይጥና ከእርጥበት ያላነሰ ጥፋት እንዳደረሰ ያያል። ደብዳቤው ይነሣል፣ ደረሰኙ ይጣላል። የንጉሥ ስም ያለበት ይመረጣል፣ የስኳር ዋጋ ያለበት ይቀራል። በእኔ እምነት የቤተሰብ ሰነድ አይመረጥም፤ ሣጥኑ እንዳለ፣ እሽጉም እንደ ታሰረ መቆየት አለበት።

እንግሊዞች «ጀንትሪ» የሚሏቸው ከመሳፍንቱ ዝቅ፣ ከአራሹ ከፍ ብለው በመሬት ኪራይ የሚኖሩ ጨዋ ቤተሰቦች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ ወረቀቱ ስመ ጥር የሆነለት በኖርፎክ አውራጃ የነበረው የፓስተን ቤተሰብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታችም ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1422 እና በ1509 መካከል የተጻፉ ከ1,000 በላይ ደብዳቤዎችና ሰነዶች ከእነሱ ቤት ተገኝተዋል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። በ1448 ሎርድ ሞሊንስ የተባለ መኳንንት «ይገባኛል» ብሎ ግሬሻም የሚባለውን የፓስተኖች ርስት ያዘ። ባል ጆን ፓስተን ለንደን ነው፤ ሚስቱ ማርጋሬት አገር ቤት ሆና ትጽፍለታለች። በመዘውር የሚወጠሩ ቀስቶች ከነመዘውራቸውና ከነፍላጻቸው እንዲልክላት ትጠይቃለች፤ ቤቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ በረጅም ቀስት መወርወር አይቻልም ትላለች። ቤት ለመጠበቅ ሁለት ሦስት አጫጭር መጥረቢያ፣ ጥሩር የሚሆን ወፍራም ልብስም ትጨምራለች። የሞሊንስ ሰዎች በሮቹን እንዴት እንደ ቀረቀሩ፣ በግንቡ ላይ ለመተኮሻ የሚሆን ቀዳዳ እንዴት እንደ ከፈቱ ትዘረዝራለች። ከዚያ እዚያው ወረቀት ላይ አንድ ፓውንድ የአልመንድ ለውዝ፣ አንድ ፓውንድ ስኳር፣ ለልጆች ቀሚስ የሚሆን ጨርቅም ግዛልኝ ትላለች።

ይህ ደብዳቤ ለሁለት ቢከፈል ምን ይቀራል? የቀስቱ መስመር ብቻውን ሲነበብ የጦርነት ዜና ነው፤ የስኳሩ መስመር ብቻውን የገበያ ዝርዝር ነው። አብረው ሲነበቡ ግን ርስት ማለት ለእነዚያ ሰዎች ምን እንደ ነበረ ይገባናል። አንዲት ሴት በአንድ እስትንፋስ ቤቷን ከጦረኛ ትከላከላለች፣ ልጆቿንም ታለብሳለች። ገንዘቡ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው፣ ዕቃውም የሚመጣው ከአንድ ከተማ ነው።

ይህን ለመቁረጥ እጃቸው ያልራራ ነበሩ። የፓስተን መስመር በሁለተኛው የያርመዝ ኧርል በዊልያም ፓስተን ዘመን በዕዳ ተዘፈቀ፤ ሰውየውም በ1732 ወራሽ ሳይተካ ሞተ። በ1735 የኖርፎክን ታሪክ ይጽፍ የነበረው ቄስ ፍራንሲስ ብሎምፊልድ በኦክስኔድ ያለውን የቤተሰቡን መዝገብ ቤት መረመረ። ለታሪክ የሚበጁ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ደብዳቤዎች በልቅ ወረቀቶቹ መካከል እንዳሉ፣ እነሱንም በክፍሉ ጥግ እንደ ከመራቸው፣ ክምሩም ብዙ ጆንያ እንደሚሞላ ለንብረቱ ኃላፊ ጻፈ። ብሎምፊልድ ደግ ሠራሁ ብሎ ነው፤ ለታሪክ የሚቆረቆር ሰው ነበር። ግን ደብዳቤዎቹ ጥግ ላይ በተከመሩባት ሰዓት የትኛው ከየትኛው እሽግ እንደ ወጣ የሚነግረን ነገር ጠፋ። ያንን ማንም መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ያሳዝናል። ከፊሉ አስቀድሞ ፒተር ለ ኔቭ በተባለ የድሮ ሰነድ ሰብሳቢ እጅ ገብቶ ነበር። እሱ ሲሞት መበለቲቱን ወዳገባው ወደ ቶማስ ማርቲን፣ ከማርቲን ወደ አንድ የዲስ ከተማ መድኃኒት ሻጭ፣ ከመድኃኒት ሻጩ ወደ ጆን ፌን ተላለፈ። ፌን በ1787 ሁለት ጥራዝ አሳተመና ዋናዎቹን ደብዳቤዎች ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ አበረከተ፤ የናይት ማዕረግም ተሰጠው። ሲያሳትም ግን ተራ የቤትና የመሬት ጉዳይ መስሎ የታየውን አንቀጽ እየዘለለ ነበር። ለንጉሡ የተሰጡት ዋናዎች ደግሞ ደብዛቸው ጠፋ፤ በ1865 አንድ ጸሐፊ ደብዳቤዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን እስከ መጠራጠር ደረሰ። ሊያሳየው የሚችል ወረቀት ስላልነበረ መጠርጠሩ አይፈረድበትም። የንጉሡ ጥራዞች የተገኙት በ1889 ሳፎክ ውስጥ ኦርዌል ፓርክ በሚባል ቤት ነው፤ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት በ1933 ነው።

ለማነጻጸር የቨርኒ ቤተሰብን እንውሰድ። በበኪንግሃምሺር ክሌይደን በሚባለው ቤታቸው የአስራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ደብዳቤ ብቻ ከ30,000 በላይ ተከማችቶ ቆይቷል። ምክንያቱ አንድ ሰው ነው። ሰር ራልፍ ቨርኒ የመጣለትን አይጥልም፣ የላከውንም ረቂቅ ያስቀራል። ስለዚህ እዚያ የምንሰማው የጥያቄውንም የመልሱንም ወገን ነው። በሌሎች ቤተሰቦች ዘንድ በአብዛኛው የምናገኘው የአንዱን ወገን ድምፅ ብቻ ነው።

እሽጉ ለምን ይህን ያህል ይከበራል? አንደኛው ምክንያት ዘመን ቆጠራ ነው። በአስራ አምስተኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የቤተሰብ ደብዳቤ ዓመት የለውም ማለት ይቻላል። «ከቅዱስ ሚካኤል በዓል በፊት ባለው ረቡዕ» ብሎ ያቆማል። ዓመት ቢጠቀስ እንኳ የሚጠቀሰው የንጉሥ ዘመን ነው፦ የኤድዋርድ አራተኛ 16ኛ ዓመት ማለት ከማርች 4 ቀን 1476 እስከ ማርች 3 ቀን 1477 ነው። በዚያ ላይ የእንግሊዝ ዓመት እስከ 1752 ድረስ የሚለወጠው ማርች 25 ላይ ነበር። ስለዚህ ማርጀሪ ብሩስ ለእጮኛዋ፣ በአባቱ ስም ለተጠራው የማርጋሬት ልጅ ለጆን ፓስተን፣ በፌብሩዋሪ 1477 የጻፈችው ዝነኛ የፍቅር ደብዳቤ በጊዜው ቆጠራ በ1476 ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረትን ከአውሮፓ ጋር ሲያመሳክር መስከረምንና ጃንዩዋሪን ለይቶ ሰባት ወይም ስምንት የሚቀንስ አንባቢ ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ዓመት የሌለውን ደብዳቤ ዓመት የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ጎረቤቱ ነው። አብሮት የታሰረው የኪራይ ደረሰኝ ዓመት ካለው፣ ደብዳቤውም ስለዚያው ኪራይ ካወራ፣ ነገሩ አለቀ። ደረሰኙን የጣለ ሰው ያጠፋው የደብዳቤውን ቀን ጭምር ነው።

ሌላው ጥፋት ደግሞ ከሕግ መጣ። የ1925 የእንግሊዝ የንብረት ሕግ መሬት ሻጭ ባለቤትነቱን ለማስረዳት ወደ ኋላ መቁጠር ያለበትን ዘመን ወደ 30 ዓመት አወረደው። ከዚያ ወዲያ የጠበቆች ቢሮ ለዘመናት የተከመረውን የብራና ውል ምን ያደርገዋል? ብዙው ተጣለ፤ ከፊሉ የመብራት ሽፋን ሆነ። ከ1926 ጀምሮ የርስት ችሎት መዝገቦች በሕግ ጥበቃ ሥር ገብተዋል፤ የግል ደብዳቤና የቤት ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ጥበቃ የላቸውም። ባለቤቱ ነገ ቢያቃጥላቸው የሚከለክለው የለም። ይህ መስተካከል ያለበት ጉድለት ነው።

ታዲያ ሣጥኑ የተከፈተለት ሰው ምን ያድርግ? እጁን ከማስገባቱ በፊት ሣጥኑን ከላይ ፎቶ ያንሣ። ከዚያ እያንዳንዱን እሽግ ሲያወጣ ከላይ ወደ ታች ቁጥር ይስጥ፤ ክሩን፣ መጠቅለያውን፣ በላዩ የተጻፈውንም ቃል ጨምሮ ፎቶ ያንሣ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ጸጉር የሚመስል ሻጋታ ካየ ያንን እሽግ ብቻውን ለይቶ በደረቅና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ያቆየው፤ ሲነካውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቀለሙ ይነጣል፣ ብራናው ይጨማደዳል። ክፍሉ ከ13 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም ከ35 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። እርጥበቱ 65 በመቶን አልፎ ከሰነበተ ሻጋታ ይነሣል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቅ ነው፤ ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ለወረቀት አይሆንም።

የጥጥ ጓንት አያስፈልግም። ጣት በጓንት ውስጥ የወረቀቱን ጠርዝ አይለይምና ይቀድዳል፤ ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይሻላል። የዛገ አግራፍና ላስቲክ ይነሣ፤ ሁለት ወረቀት ይዞ የቆየ አሮጌ ስፒል ከሆነ ግን የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደ ያዘ ሳይመዘገብ አይነቀል። ፕላስተር በፍጹም አይለጠፍ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ጠንክሮ የታጠፈ ወረቀት በግድ አይዘርጋ፣ ብራናም በውኃ አይራስ። የድሮው ጥቁር ቀለም ከብረት ጨውና በኦክ ዛፍ ላይ ከሚያብጥ እጢ የተሠራ ስለሆነ አሲድ አለው። ፊደሉ ዙሪያ ቡናማ ጥላ ካጠላ ወረቀቱ እዚያው ሊሰነጠቅ ደርሷል ማለት ነው። የሰም ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከሌላ ሥር አይከመር፤ ሰሙ በክብደት ይሰበራል።

ቁጥር በለስላሳ እርሳስ፣ በጀርባ፣ በታችኛው ጥግ ይጻፍ፤ ለምሳሌ 7/12፣ ማለትም ሰባተኛ እሽግ፣ አስራ ሁለተኛ ወረቀት። ማስቀመጫው ከአሲድ ነጻ የሆነ ፎልደር ይሁን፤ በአንዱ ከ20 እስከ 25 ወረቀት ይበቃል። ትልቅ ካርታ ተነጥሎ ጠፍጣፋ መሳቢያ መግባት ካለበት፣ በነበረበት ቦታ «ወደዚህ ተዛውሯል» የሚል ቁራጭ ወረቀት ይተካ። በጉዳይ መመደብ የሚፈልግ ሰው በዝርዝሩ ላይ ይመድብ፤ ወረቀቶቹ ግን ከቦታቸው አይነሡ።

ፎቶ ሲነሣ ጀርባው አይዘንጋ። በዚያ ዘመን ፖስታ ስላልነበረ ደብዳቤው ራሱ ታጥፎ ይታሸጋል፤ የተቀባዩ አድራሻ በውጭ በኩል ነው። ብዙ ተቀባዮች እዚያው ላይ ከማን እንደ መጣ፣ መቼ እንደ ደረሰ፣ ስለ ምን እንደሆነ በአንድ መስመር ይጽፋሉ። ይህ መስመር አንዳንዴ ከደብዳቤው ይበልጣል። በኢንች 400 ነጥብ (400 ዲፒአይ) አንሥቶ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ማስቀመጥ ጥሩ ልክ ነው፤ ከጎኑ ማስመሪያ ይኑር፣ ፋይሉም በእሽጉ ቁጥር ይሰየም።

ከንባብ ወጥመዶች ሁለቱን ብቻ ላንሣ። የሒሳብ ወረቀት ላይ በሮማውያን ቁጥር አራት ብለው ከላዩ ሃያን ካስቀመጡ ሰማንያ ማለታቸው ነው፤ በግዕዝ ፬፻ ስንጽፍ አራት ጊዜ መቶ እንደምንለው ማለት ነው። አዲስ አንባቢ ሃያ አራት ብሎ ያነበዋል፤ የርስቱም ገቢ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። «ማርክ» የሚለውም ሳንቲም አይደለም፤ 13 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ፣ የፓውንድ ሁለት ሦስተኛ የሆነ የሒሳብ መለኪያ ነው። የጸሐፊው ስሕተት ሲገለበጥ አይታረም። ማርጋሬት ፓስተን ደብዳቤዎቿን በተለያዩ ጸሐፍት ታስጽፍ ስለነበር የአጻጻፉ መለያየት ራሱ ማን አጠገቧ እንደ ነበረ ይነግረናል።

ቤተሰቡ ወረቀቱን ለአውራጃው ቤተ መዛግብት ሊሰጥ ሲወስን በስጦታና በአደራ መካከል ይመርጣል። በሁለቱም ቢሆን ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። ወረቀቱ የተቀባዩ ቤተሰብ ንብረት ቢሆንም ቃሉ የጸሐፊው ወራሾች ነው፤ በብሪታንያ ሕግ ሳይታተሙ የቆዩ የድሮ ደብዳቤዎች ቅጂ መብት እስከ 2039 መጨረሻ ይዘልቃል፣ የአስራ አምስተኛው መቶ ዓመት ቢሆኑም እንኳ። ከሁሉ ይልቅ ግን በእንዲህ ዓይነት ውል ውስጥ በትንሹ የምትገባውን «ለማቆየት የማያስፈልገውን ማስወገድ ይቻላል» የምትል አንቀጽ ፈልጉ። እሷን ያለ ማሻሻያ አትፈርሙ። የሚወገደው በዝርዝር ይነገረን፣ ሒሳብና ደረሰኝ አይወገድም፣ የሚመለሰውም ከነእሽግ ቁጥሩ ይመለስ የሚሉትን ቃላት አስገቡ።