አርባ ጥያቄ ይዞ ሙዚየም መግባት

ክርክሩን ያስነሳችው አንዲት ወረቀት ናት። ያዘጋጇት የታሪክ መምህርት ናቸው፤ ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ልጆች የሚፈሯቸውም የሚወዷቸውም ሴት። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ሙዚየም ሊወሰዱ ስለሆነ አርባ ጥያቄ ጽፈው መጡ። ከመጀመሪያው አዳራሽ ስድስት፣ ከሁለተኛው ስምንት እያለ እስከ መውጫው በር ይዘልቃል። ታርሞም ከአሥር ይያዛል።

የሳይንስ መምህሩ ወጣት ነው። ወረቀቷን አገላብጦ አየና «እትዬ፣ ይሄን ሁሉ የሚመልስ ልጅ ዕቃውን መቼ ያየዋል?» አላቸው።

አልተቆጡም። «ባዶ እጃቸውን ሲሄዱስ ምን እንደሚሆን አላየህም? ይሯሯጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሱቁ ደጃፍ ይሰለፋሉ፣ ይመለሳሉ። ጥያቄው እኮ ልጓም ነው። ደግሞ ወላጅ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ትምህርት ቤቱም የአንድ ቀን ትምህርት ትቶ ‹ምን ተማሩ?› ሲለኝ የማሳየው ነገር ያስፈልገኛል።»

ከወላጅ ኮሚቴ የመጣ አንድ አባት ይህን ሲሰማ ገባበት። «እኔ ደግሞ ከነጭራሹ ለምን ይሄዳሉ ነው የምለው። ግማሽ ቀኑ መንገድ ላይ፣ የቀረው ሰልፍ ላይ ያልቃል። ዛሬ ሙዚየሞቹ ራሳቸው ዕቃቸውን በጥሩ ፎቶ አንስተው ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። ክፍል ውስጥ ፕሮጀክተር ከፍታችሁ አሳዩአቸው። ሄዶ ማየት አለበት የሚል ወላጅ ካለ ቅዳሜ ልጁን ይዞ ይሂድ።»

ወጣቱ መምህር ለዚህ የተዘጋጀበት ይመስል ነበር። በአሜሪካ አርካንሳስ ግዛት የሚገኘውን ክሪስታል ብሪጅስ የተባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጠቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲከፈት መግቢያውን፣ የአውቶቡሱን ወጪ፣ የልጆቹን ምሳ ሳይቀር ችሎ ትምህርት ቤቶችን ጋበዘ። ጠያቂው ከቦታው በለጠ። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያኔ ማን ቀድሞ እንደሚሄድ በዕጣ እንዲወሰን አደረጉና ቀድመው የሄዱትን ተራ ከሚጠብቁት ጋር አነጻጸሩ። 123 ትምህርት ቤቶች፣ ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሩበት። የጠየቋቸው ገና ከበሩ ሲወጡ አልነበረም፤ በአማካይ ሦስት ሳምንት ቆይተው ነው። ከሜፕል ዛፍ ስኳር የሚያነጥሩ ሰዎችን ሥዕል ካዩት ልጆች 88 በመቶው፣ ያ ስኳር ባርነትን የሚቃወሙ ሰዎች በባሪያ ጉልበት የሚመረተውን ስኳር ለመገዳደር የሠሩት መሆኑን አልረሱም። ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን ሥዕል አሳይተው ስለ እሱ እንዲጽፉ ሲጠይቋቸውም፣ ሙዚየም የሄዱት ካልሄዱት በተሻለ ያዩትን ማስረጃ እየጠቀሱ ጻፉ።

«በስንት በተሻለ?» አለ አባትየው። ደግ አደረገ፤ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው።

ወጣቱ አላድበሰበሰም። በአማካይ ሲታይ ለውጡ መጠነኛ ነበር። ከገጠር ትምህርት ቤቶች በመጡት ላይ ግን የአማካዩን ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ቀጥሎም «ጉብኝቱ የፈጀው አንድ ሰዓት ያህል ነው። በዚያች ሰዓት የሚያዩት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ሥዕል ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱ ፊት ቆመው ይወያያሉ» አለ።

መምህርቷን ዝም ያሰኛቸው ይህ ነው። አምስት ሥዕል።

ሙዚየም ውስጥ አስጎብኚ ሆና የምትሠራ ሴት አብራን ነበረች። እስከዚያ ድረስ ስታዳምጥ ቆይታ እንዲህ አለች። «የጥንት ወፍጮ ከነመጁ የምናሳይበት ቦታ አለ። አንድ ቀን ልጆች ወረቀት ይዘው መጡ። ጥያቄው ‹ዕድሜው ስንት ነው?› ይላል። አንዱ ከመግለጫው ላይ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ፣ ያልፋሉ። ወፍጮውን ያየው የለም። አንዲት ልጅ ብቻ ቁጢጥ ብላ ከጎን ታየዋለች። መሐሉ ጎድጉዷል፤ ጎድጓዳውም እኩል አይደለም፣ በአንድ በኩል ጠልቋል። ‹በዚህ በኩል ለምን የበለጠ አለቀ?› አለችኝ። ልመልስላት አፌን ስከፍት አስተማሪዋ ‹ቶሎ በይ እንጂ፣ አሥራ ሁለተኛው ሊያመልጥሽ ነው› አሏት፤ ተነሥታ ሮጠች። ያ ድንጋይ እኮ ተንበርክከው የፈጩ ሰዎች ክንድ የበላው ነው። የየትኛው ክንድ ኃይል እንደሚበረታ፣ ፈጪው በየት በኩል እንደሚቀመጥ፣ ስንት ዘመን እንደተፈጨበት፣ ሁሉም እዚያ ጎድጓዳ ላይ አለ። ልጅቷ ደርሳበት ነበር።»

መምህርቷ ወረቀታቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «እሺ፣ ታዲያ ዝም ብዬ ልልቀቃቸው?»

«አዎ፣ ራሳቸው ይምረጡ» አለ ወጣቱ።

አስጎብኚዋ ግን በዚህ አልተስማማችም። አዲስ ቦታ የገባ ልጅ በመጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን፣ ደረጃውንና ጥበቃውን ነው፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነና ምሳ መቼ እንደሚበላ ሳያውቅ ሐሳቡ አይሰበሰብም አለች። ይህን ጆን ፎልክና ሁለት ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል፤ ቦታው በጣም ባዳ የሆነበት ልጅ አእምሮው ቦታውን በመላመድ ስለሚያዝ የተሰጠው ትምህርት ይቀርበታል። ስለዚህ ዝም ብሎ መልቀቅ ለልጁ ነፃነት ከመሆኑ በፊት ግራ መጋባት ነው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ወደ አውቶቡስና ወደ ወላጅ ፈቃድ ሄደ፤ እሱን ልተወውና የራሴን ልበል።

እኔ የጉብኝት ዕቅድ ማለት በዋናነት ምን እንደማይታይ መወሰን ነው ባይ ነኝ። ይህን ለመወሰን ደግሞ መምህሩ ልጆቹን ከመውሰዱ በፊት ብቻውን ሄዶ ማየት አለበት፤ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ ተመሥርቶ የሚወጣ ዕቅድ አይበቃም። የመረጠው ዕቃ ለጥገና ተነሥቶ ወይም ለሌላ ሙዚየም በውሰት ሄዶ ሊሆን ይችላል። የሚዘጋበትም ቀን አለ፤ ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ አይከፈቱም፣ የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ የሚዘጋው ማክሰኞ ነው። የዕቃው ማሳያ ሣጥን ፊት ስንት ልጅ ሳይጋፋ መቆም እንደሚችል፣ መግለጫው ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ዓይን የሚደርስ መሆኑ የሚታወቀው እዚያው ቆሞ ነው። ቤንጃሚን አይቭስ ጊልማን የተባለ የቦስተን ሙዚየም ሰው እ.ኤ.አ. በ1916 ስለ ሙዚየም ድካም ሲጽፍ፣ ጎብኚ አንድን ዕቃ በደንብ ለማየት እንዴት እንደሚጎብጥ፣ እንደሚንጠራራና እንደሚያጎነብስ በፎቶግራፍ አስደግፎ አሳይቷል። ያን የሚያህል አካላዊ ድካም ባለበት ቦታ ልጆችን በስምንት አዳራሽ ማስሮጥ ጭካኔ ነው።

አርባው ጥያቄ በሦስት ይተካ። ፊሊፕ የናዊንና አቢጌል ሃውዘን ለሥዕል ውይይት ያዘጋጇቸው ሦስቱ ጥያቄዎች ለወፍጮም ለአጽምም ይሆናሉ። ምን እየሆነ ነው? እንዲህ እንድትል ያደረገህ ያየኸው ምንድን ነው? ሌላስ ምን እናገኛለን? ከሦስቱ ሁለተኛውን አብልጬ እወደዋለሁ፤ ልጁን ከግምቱ ወደ ዕቃው ይመልሰዋል። አምስት ዕቃ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ያህል። ልጆቹ በትንንሽ ቡድን ተከፍለው፣ ሁሉም ከአንድ ዕቃ ሳይሆን እያንዳንዱ ቡድን ከተለየ ዕቃ ቢጀምር መጋፋት የለም። መጨረሻ ላይ የፈለጉትን የሚያዩበት ጊዜ ይሰጣቸው፤ ያኔ ቦታውን ስለለመዱት ወጣቱ መምህር የሚመኘው ነፃነት ይጠቅማቸዋል።

የአባትየው ፕሮጀክተርም ቦታ አለው፤ በዋዜማው። የሕንፃው ካርታ፣ የመግቢያው ፎቶ፣ የሽንት ቤቱና የምሳው ነገር፣ ከአምስቱ ዕቃዎች የአንዱ ምስል ክፍል ውስጥ ይታይ። ጉብኝቱን ግን አይተካም። በስክሪን ላይ ያለ ወፍጮ ፊት ቁጢጥ ብሎ ከጎን ማየት አይቻልም፤ ፎቶ አንሺው ከፊት ካነሣው ከፊት ነው።

መምህርቷ ማስረጃ መፈለጋቸው ልክ ነው፤ እኔም እፈልጋለሁ። ግን በማግስቱ ይሰብስቡት። ልጁ ካያቸው አንዱን በቃሉ ይሣል፣ ከሥር ያስተዋለውን ይጻፍ፣ ያልገባውን ይጠይቅ። ለወላጅ የሚያሳዩት ያ ይሁን። ከመግለጫ የተገለበጠ ቁጥር ልጁ ማንበብ መቻሉን ከማሳየት አያልፍም።

የማልስማማው «ቅዳሜ ይውሰድ» በተባለው ነው። ቅዳሜ የሚወስዱ ወላጆች አሉ፤ ልጆቻቸው ትምህርት ቤቱ ባይወስዳቸውም ሙዚየም ያያሉ። በአርካንሳስ ትልቁ ለውጥ የታየው ግን በእነዚህ ላይ አይደለም፤ በገጠርና በድሃ ሠፈር ትምህርት ቤቶች ልጆች ላይ ነው፣ ወጪውም ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖላቸው ነበር። እኛ ግን ዝርዝሩን የምናወጣው ክፍያ በመጣበት ቅደም ተከተል ነው። ያልከፈለው ልጅ በጉብኝቱ ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ይውላል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ስለዚህ በዕቅዱ የመጀመሪያ መሥመር የሁሉም ልጆች ስም ይስፈር። ገንዘቡ ካልበቃ የሚቀረው አዳራሽ ይሁን፣ ወይም ምሳ ከቤት ይያዝ፣ ወይም ራቅ ያለው ትልቅ ሙዚየም ቀርቶ በእግር የሚደረስበት ትንሹ ይመረጥ። አምስት ዕቃ እዚያም አይጠፋም።