የባጃጅ ሹፌሩ አክስት ቤት

አምና ጅማ ላይ፣ ከጅሬን ኮረብታ ያነሳሁትን ፎቶ ለባጃጅ ሹፌሩ አሳየሁት። ስልኬን ተቀብሎ በሁለት ጣቱ አጎላው። "አሪፍ ነው። ግን የአክስቴ ቤት የት ሄደ?"

አጥፍቼው ነበር። ከዛፎቹ ሥር ያለች የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ጣሪያዋ እያብረቀረቀ ዓይን ይስባል። በኤዲቲንግ ከመብራት ምሰሶው ጋር አነሳኋት። አረንጓዴውንም ትንሽ ጨመር አድርጌ ነበር። ትንሽ ስል... እንተወው።

"ፎቶ ጥበብ ነው፣ ምን አገባህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ቤቱን ካልፈለግከው አምስት እርምጃ ወደ ጎን ሂድ፤ እሱ ምርጫ ነው። ቤቱን አጥፍቶ ሥሩ "ጅማ" ብሎ መጻፍ ግን ሌላ ነው። ደግሞ ሰው የሌለበት ጫካ እያልን የምንለጥፈው አብዛኛው የቡና ማሳ ነው። ዋንዛውና ሰሳው የቆሙት ገበሬው ቡናውን እንዲያጠሉለት ስለተዋቸው ነው። ባለቤቱን አውጥተን ጥላውን እናደንቃለን።

አረንጓዴውስ ቢሆን? ቅጠሉ ነጣ ብሎ የሚወጣው እርጥብ ስለሆነ ሰማዩን እያንጸባረቀ ነው። ፖላራይዘር የሚባለውን ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት ሌንሱ ላይ አስሮ ማዞር ነው፤ ነጸብራቁ ሲቀንስ የቅጠሉ የራሱ ቀለም ይመጣል።

ዘንድሮ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ወጣሁ። ከኋላዬ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከፊቴ ጉም ብቻ። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ሁሉን ግራጫ ያደርገዋል፤ ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የሚገባውን ብርሃን፣ አንድ ስቶፕ (እጥፍ) ከፍ አደረግኩና ሌንሱን በሸሚዜ ጫፍ እየወለወልኩ ቆምኩ። ጀሪካን የያዙ እናት አዩኝ።

"ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?"

"ፀሐይ እየጠበቅኩ ነው፣ እማማ።"

"እሷ እንደሆነ በራሷ ሰዓት ነው የምትመጣው። ና ቡና ጠጣ።"

ሁለተኛውን ስኒ ስይዝ ጉሙ ተገለጠ። እየሮጥኩ ወጣሁ። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን ብዙ አይቆይም። አራት ፎቶ አገኘሁ። ሦስቱ ተበላሽተዋል። አንዷ ላይ ምሰሶው አለ፣ ቆርቆሮው አለ፣ በቆርቆሮው ሥር የጠዋት ጭስ ይወጣል።

ለሹፌሩ ላክሁለት። "አሁን ገና" ብሎ መለሰልኝ። ቀጥሎም "ግን አክስቴ ጣሪያውን ልትቀይር ነው፤ ሌላ ጊዜ ድገመው።"