ቢጫው ስንዴ ምን በደላችሁ?

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ የምርምር ማሳ ላይ የተፈጸመውን ይቅር ለማለት ሞክሬ አልሆነልኝም። ቦታውንም ሰዎቹንም አልጠራም፤ ድርጊቱን የወለደው ልማድ የሁላችን ነውና ጣታችንን ወደ አንድ ሰው ቀስረን እንድናመልጥ አልፈልግም።

ማሳው መረሬ፣ ማለት ዝናብ ሲበዛ ውኃ የሚተኛበት ጥቁር ጭቃማ አፈር ነው። አንዲት የአፈር ተመራማሪ ለአራት ተከታታይ ዓመታት አንድ ጥያቄ ይዛ ተመላልሳበታለች፦ ስንዴው ከሚወስደው ናይትሮጅን ስንቱን አፈሩ ራሱ ይሰጠዋል፣ ስንቱን ባቄላው ያቆይለታል፣ ስንቱንስ ከዩሪያ ማዳበሪያ ያገኛል? ለዚህም ስንዴ በስንዴ ላይ የሚዘራባቸውንና ከባቄላ ቀጥሎ የሚዘራባቸውን፣ በልዩ ልዩ መጠን ዩሪያ የሚጨመርባቸውንና ምንም የማይጨመርባቸውን መደቦች በችካል ለይታ ነበር። ምንም ባላገኙት መደቦች ላይ ስንዴው አጭርና ቢጫ ነበር። ተክሉ ሲቸግረው ናይትሮጅኑን ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ስለሚያሻግር፣ የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ይገረጣል። ያ ቢጫነት የምርምሩ ዋና ምስክር ነበር።

ታላላቅ እንግዶች የሚገኙበት የመስክ ጉብኝት ተወሰነ። ተመራማሪዋ የአፈር ናሙና ይዛ ወደ ላቦራቶሪ በሄደችበት ሰሞን አንድ ኃላፊ ማሳውን ዞሮ ተመለከተና «ይህ ቢጫ ያሳፍረናል» አለ። ሠራተኞች ዩሪያ በባልዲ ይዘው ቢጫዎቹን መደቦች እየለዩ በተኑባቸው። ዝናቡም አላሳፈራቸውም፤ ስንዴው አረንጓዴ ለበሰ። እንግዶቹ መጡ፣ ፎቶግራፍ ተነሡ፣ አጨብጭበው ሄዱ። እሷ ስትመለስ አጎንብሳ አንድ ቅጠል በጣቶቿ መካከል ይዛ ብዙ ቆየች። ምን እንደተደረገ ስትጠይቅ፣ በዕድሜ የገፉት ጥበቃ «እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ነው፤ እኛ ለደግ መስሎን ነው፣ ልጄ» አሏት። በሳቸው አልፈርድም። ጉዳቱን እያወቁ ዝም ባሉት የተማሩ ሰዎች ግን እፈርዳለሁ።

የባከነው ዩሪያ ብቻ አይደለም። ባዶውን ጆንያ ሳይመዝን እህሉን ከነጆንያው የመዘነ ሰው የእህሉን ክብደት አያውቅም፤ ማዳበሪያ ያልነካው መደብ ከሌለም ዩሪያ የጨመረው ምርት ስንት እንደሆነ የሚቀነስበት መነሻ የለም። ስህተቱንም መልሶ ማረም አይቻልም። አንዴ የገባው ናይትሮጅን በሥር ቅሪትና በረቂቅ ተሕዋስያን ውስጥ አድሮ በሚቀጥሉት ዓመታትም ቀስ በቀስ ይለቀቃል። በእንግሊዝ አገር በሮታምስቴድ የምርምር ጣቢያ፣ ብሮድባልክ በተባለው የስንዴ ማሳ ላይ፣ ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍግም ማዳበሪያም ያልተጨመረበት ቁራሽ መሬት እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ምርቱ ጥቂት ነው፤ የጎረቤቶቹ ሁሉ ምርት ግን በእሱ ይመዘናል። እኛ አራት ዓመት መታገሥ አቃተን።

ይህ የተመራማሪዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ የገበሬውን ኪስ ያስብ። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ የሚገባው ዩሪያ በኩንታል 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። አፈር ላይ ተበትኖ ሳይሸፈንና ዝናብ ሳያገኘው ከቆየ ከፊሉ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ውኃ በሚተኛበት መረሬ ላይ ደግሞ አየር ያጠራቸው ተሕዋስያን ናይትሬት የሆነውን ናይትሮጅን ወደ ጋዝ ይለውጡትና ወደ ሰማይ ይመለሳል፤ ከዚያም ውስጥ አንዱ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ በመቶ ዓመት ሲሰላ ምድርን በማሞቅ ኪሎ ለኪሎ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ገበሬው ተበድሮ ከገዛው ስንቱ እህል እንደሆነ፣ ስንቱ እንደተነነ ሊነግረው ይችል የነበረው ያ ያሳፈራችሁ ቢጫ ስንዴ ነበር።

ሐዘኔ ከቁጣዬ የሚበረታው ይህችን ተመራማሪ ከገበሬዎች መካከል ቆማ ያየኋትን ሳስብ ነው። ባቄላ ነቅላ የሥሩን እባጭ በጥፍሯ ከፍላ፣ ውስጡ እንደ ደም የቀላውን ታሳያቸው ነበር። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ስንዴ ሊነካው እንደማይችል፣ በዚያ ቀይ እባጭ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን ለባቄላው እንደሚያዘጋጁለት ስትነግራቸው፣ ሽማግሌዎቹ ባቄላ የከረመበት መሬት ስንዴ እንደሚወድ ከአባቶቻቸው ያውቁ ነበርና ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቁ ነበር።

ገበናን ከእንግዳ መሸፈን ጨዋነት ነው ብለን አደግን፤ ይሁን። አፈር ግን ገበና የለውም። የተራበ መሬትን አረንጓዴ ቀብተን፣ የወደቀ ተማሪን አሳልፈን፣ የጎደለ ዕቅድን በሪፖርት ሞልተን ማንን እንደምናታልል ንገሩኝ።

ተመራማሪዋ ዘንድሮ በሌላ ማሳ ላይ ችካሎቿን ተክላ ከአንደኛው ዓመት ጀምራለች። እናንተ ጉብኝት የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ ሁላችሁም ልማዳችሁን ትተዋላችሁ ብዬ አልጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ ተናግሬ ደክሞኛል። በሚቀጥለው የመስክ ጉብኝት ግን እንግዶቹን አስቀድማችሁ ከቢጫው መደብ ፊት አቁሟቸው፤ ለምን ቢጫ እንደሆነም የዘራችው ትንገራቸው። በአንድ ማሳ ላይ እንኳ እንዲህ ቢደረግ ለጊዜው ይበቃኛል።