የጉልበት ሕመምና ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ማስታገሻ

ይህ አስተያየት የመገጣጠሚያ መሸርሸር (ኦስቲዮአርትራይተስ) ያለባቸው ሰዎች ሕክምናን እንዴት እንደሚጠቀሙ ለተመለከተ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ነው፤ ጽሑፉ ይህን በጤና ተቋም መዝገብ ብቻ መመልከቱ ጎዶሎ ይመስለኛል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ከሕመሙ ጋር ይኖሩ ከነበሩት 528 ሚሊዮን ሰዎች 60 በመቶው ሴቶች ናቸው። በአገራችን ግን ከስግደት ሲነሡ ወይም ደረጃ ሲወርዱ ጉልበታቸውን የሚጠዘጥዛቸው እናቶች ሐኪም ዘንድ ከመድረሳቸው በፊት ጸበሉንም ወጌሻውንም ሞክረው፣ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ እየገዙ ይከርማሉ። ይህ መድኃኒት ሲዘወተር ጨጓራን ሊያቆስልና ኩላሊትን ሊጎዳ እንደሚችል፣ የደም ግፊት ላለባቸው ደግሞ ይበልጥ እንደሚያሰጋ የሚነገራቸው ጥቂቶች ናቸው። የሕክምናው መሠረት የጭን ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ሆኖ ሳለ፣ የፊዚዮቴራፒ አገልግሎት ከትልልቅ ከተሞች ውጭ እምብዛም አይገኝም።