ዘይት መጥቷል አሉ

አዲስ አበባ ውስጥ በቅናሽ የሚሸጥ ነገር የለም የሚላችሁን ሰው አትመኑት። አለ። ዘይት አለ፣ ስኳር አለ፣ ዳቦ አለ፣ ከቀናችሁ ጤፍም አለ። መንግሥት ይደጉማል፣ ከተማ አስተዳደሩ ያቀርባል፣ ወረዳው ይቆጣጠራል፣ ሸማቾች የሚባለው የሰፈሩ ማኅበር ሱቅ ይሸጣል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ እንከን አይወጣለትም። ከሸማቾች በር እስከ እኛ ቤት ባለችው አጭር መንገድ ላይ ግን ሥራውን የሚረከበው ወሬ ነው። «ዘይት መጥቷል አሉ!» ማን አለ ተብሎ አይጠየቅም። ኩፖን አንስቶ መሮጥ ነው።

እኛ ሰፈር ይህን ወሬ የሚያከፋፍሉት እትዬ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ከጻፍኩ ቡና መጠራቴ ይቀራል፣ ቡናው ከቀረ ደግሞ ዘይቱም ስኳሩም አብሮ ይቀራል። እትዬ የጭነት መኪና ወደ ሸማቾች ሲታጠፍ በድምፁ ያውቁታል። አሸዋ የጫነውንና ዘይት የጫነውን ይለያሉ። «ይሄ ባዶውን አይደለም የሚያቃስተው» ይሉና ሲኒውን አስቀምጠው ይነሳሉ። ከዚያ የብሎክ ተወካዩ ሚስት ጋ ይደውላሉ፣ የጥበቃውን ልጅ ይልካሉ፣ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የመጣውን ዓይነት፣ ብዛቱንና ለስንት ሰው እንደሚደርስ ያውቃሉ። ወረዳው ራሱ ይህን ያህል ፈጣን ሪፖርት የሚደርሰው አይመስለኝም።

ወሬው ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም። መጀመሪያ የሚሰሙት አብረዋቸው ቡና የሚጠጡት ናቸው። ቀጥሎ ግድግዳ የሚጋሯቸው። ከዚያ ልጃቸውን ያመሰገነ ሰው። እኔ ሦስተኛው ምድብ ውስጥ ነኝ፤ ልጃቸው ማትሪክ ሲያልፍ ከማንም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ከእኔ ትሻላለች፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ በረካ ድረስ ቁጭ ብላ የማታውቀውን ሰው ሐሜት ታዳምጣለች። ቤታችን ውስጥ ያለው የረጋ ዘይት በሙሉ የእሷ ትዕግሥት ውጤት ነው።

አሁን ዋናው ጉድ። ዘይቱ የሚመጣው በሥራ ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚመጣ አልገባኝም፣ ግን ቅዳሜ ከሰዓት መጣ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። በዚያ ሰዓት ደግሞ ደመወዝተኛው ቢሮ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት በተወራ ቁጥር «በተለይ ቋሚ ገቢ ያለው የኅብረተሰብ ክፍል» እየተባለ የሚታዘንለት ሰው ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን ከተሻገረ ወዲህ ደግሞ ሐዘኑ በዝቷል። ታዲያ ይህ የታዘነለት ሰው ስልኩ ይጮኻል።

«የት ነህ?»

«ሥራ ነኝ።»

«በቃ ቀረብህ!»

ድጋፉን ለማግኘት ሥራ መፍታት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሥራ ከፈታህ ደግሞ በድጎማ ዋጋውም ቢሆን የምትገዛበት የለህም። ይህን ዓይነት ሥርዓት አስቦ የሠራው ሰው ካለ ሽልማት ይገባዋል፣ ሳያስብ የሠራው ከሆነ ግን የባሰ ነው።

አንድ ቀን መቼም አንጀቴ አልችል ብሎኝ «አክስቴን ሆስፒታል አድርሼ ልምጣ» ብዬ ከቢሮ ወጣሁ። አክስቴ ደብረ ብርሃን ናት፣ ይመስገነው ጤነኛ ናት። ሸማቾች በር ላይ ስደርስ ሰልፍ አለ፤ ሰው ግን ጥቂት ነው። የተሰለፈው ድንጋይ ነው። ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር የተጫነበት ፌስታል፣ አንድ እግር ሸበጥ፣ የተቀደደ ጃንጥላ። ባለቤቶቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠው በዓይናቸው ይጠብቃሉ። አንዲት ሴትዮ የእሷ ድንጋይ ጥቁሩ እንደሆነ፣ አጠገቡ ያለው ግራጫ ድንጋይ ኋላ እንደመጣ እየማለች ታስረዳለች። ባለግራጫው ደግሞ «ድንጋዬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እዚህ ነው» ይላል። ሁለቱም ድንጋዮች ዝም አሉ።

እኔም ድንጋዬን አስቀመጥኩ። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ ማንን አየሁ? አለቃዬን! ጠዋት ጸሐፊዋ «ክፍለ ከተማ ስብሰባ ላይ ናቸው» ያለችኝ ሰውዬ ኩፖኑን እንደ ቅዳሴ መጽሐፍ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ተያየን። እሱ ስለ ስብሰባው አላነሳም፣ እኔም ስለ አክስቴ አላነሳሁም። «ፀሐዩ ከረር ብሏል» አለኝ። «ከረር ብሏል ጋሼ» አልኩት። ከዚያች ቀን ወዲህ ቢሮ ውስጥ በጣም እንከባበራለን።

መስኮቱ ጋ ስንደርስ ሌላ ዓለም ነው። ያቺ ትልቅ መዝገብ ትከፈታለች። ስም በጣት እየተፈለገ ይወርዳል። ስሙ ሲገኝ ፊርማ፣ ከፊርማው በኋላ ማኅተም፣ ከማኅተሙ በኋላ «ዝርዝር ብር ያላችሁ ብቻ!» የሚል ድምፅ። ዝርዝር የሌለው ሰው ዝርዝር ፍለጋ ሲሄድ ድንጋዩን ይጥሉበታል። ዘይቱን ብቻ መውሰድም ሁሌ አይቻልም፤ አብሮ የሚያዝ ነገር አለ። ያን ቀን ለእኔ የደረሰኝ ፓስታ ነው፣ ሁለት እሽግ፣ አንዱ መኮረኒ ለመሆን የተቃረበ። «ፓስታ አልፈልግም» ብል ልጅቷ ቀና ሳትል «ዘይትም አትፈልግማ» አለችኝ። ወሰድኩት።

ይህ እንግዲህ ኩፖን ላለው ነው። ኩፖን ለማግኘት የነዋሪነት መታወቂያ፣ ለመታወቂያው መሸኛ፣ ከመሸኛው ጋር የቤት ቁጥር ያስፈልጋል። ተከራይ የሆነ ሰው የቤት ቁጥሩ የአከራዩ ነው፣ አከራዩ ደግሞ ቁጥሩን እንደ እርስት ነው የሚጠብቀው። ከ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወዲህ ሕጉ ለተከራዩ ቆሞለታል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር አይብለጥ፣ ውሉም ይመዝገብ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ከልቤ ነው የምለው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህንኑ ለአከራዩ ሊያስረዳ ሞከረ። አከራዩ በጥሞና ሰሙትና «ልጄ፣ እኔና አንተን ወረዳ ምን አገናኘን? እንደ ቤተሰብ አይደል እንዴ የምንኖረው?» አሉት። በሚቀጥለው ወር ግን እንደ ቤተሰብ ጨምሩ አሉት። በስንት ምልጃ ሊያስመዘግቡ ተስማሙ፣ ግን መንገድ ላይ «ውሉ ላይ ስንት ብለን እንጻፍ?» የሚል ክርክር ተነሳ። ወረዳ ሲደርሱ ሲስተም የለም ተባሉ። ሁለቱም ተገላገሉ።

የሰፈራችን አዛውንቶች በዚህ ሁሉ ይስቃሉ። እነሱ ቀበሌ ሲቋቋም፣ ያ በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ የነበሩ ናቸው። የኅብረት ሱቁን ሰልፍ ያውቁታል። ሳሙና መጣ ሲባል የሮጡ፣ ለስኳር በራሽን ካርድ የቆሙ ናቸው። ስሙ ወረዳ ከሆነ ስንት ዓመቱ፣ እነሱ ግን አሁንም ቀበሌ ነው የሚሉት። ሥርዓቱ ሲለዋወጥ ሰልፉ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አንድ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። እድራችን ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ያስነፋል። ከእንቅልፍህ ሳትነቃ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የት ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ታውቃለህ። ለሞት ይህን ያህል ተደራጅተናል። ለዘይት ግን ጥሩምባ የለም። ወረዳው የፌስቡክ ገጽ አለው፣ ተከታትየዋለሁ። የዕቅድ አፈጻጸም ግምገማ ፎቶ አለ። የውይይት መድረክ ፎቶ አለ። በበዓል ሰሞን የማዕድ ማጋራት ፎቶ አለ፤ አንዲት አቅመ ደካማ እናት አንድ ዶሮ ይዘው መሐል ቆመዋል፣ ዙሪያቸውን ኮት የለበሱ ሰዎች ዶሮዋን በአንድ አንድ ጣት ነክተው ይዘዋል። ዶሮዋ ብቻ ናት ካሜራ ያላየችው። እናትየዋ ዶሮዋን ማግኘታቸው ደግ ነው፣ በዚህ ጊዜ ዶሮ ቀላል ነገር አይደለም። ግን «ነገ ጠዋት ዘይት ይታደላል» የሚል አንድ መስመር እዚያ ገጽ ላይ አይቼ አላውቅም።

ለማማት ብቻ እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ የሚሠራውንም ልናገር። ልጄ መንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፣ ሁለተኛ ክፍል ነው። ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላል፣ በነፃ። ደብተርና ዩኒፎርሙም ከከተማው ነው። ይህ ነገር ለስንቱ ቤተሰብ እፎይታ እንደሆነ የሚያውቀው ምሳ ዕቃ የሚቋጥር ሰው ነው። ችግሩ ልጁ ዓይኑ ተከፍቷል። ማታ እራት ሲቀርብ ሳህኑን አየት ያደርግና «ትምህርት ቤት ዛሬ ሩዝ በአትክልት ነበር» ይላል። ትናንት ደግሞ «እናንተ ቁርስ ማን ያበላችኋል?» ብሎ ጠየቀን። እናቱ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ሽሮው አየሁ።

የተማሪዎች ምገባ ለምን ሠራ? ምግቡ ሲደርስ ልጆቹ እዚያው ናቸው። ማንም «መጥቷል አሉ» እያለ አያሯሩጣቸውም፣ ደወል ይደወላል ይሰለፋሉ ይበላሉ። እሁድ ገበያም እንደዚሁ ነው። በከተማው ከመቶ በላይ ቦታ ላይ ነው የሚቆመው፣ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ከሰፈር ሱቅ ይቀንሳል። ቀኑን ሁሉም ያውቃል፣ እሁድ ነው! ከቅዳሴ የወጣ ሰው ነጠላውን አገልድሞ ቀጥታ ወደ ድንች ይሄዳል። እናቴማ ፌስታል ከረሱ ሽንኩርቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የሚመጡት፤ ሳምንቱን ሙሉ እጣኑና ሽንኩርቱ እየተፈራረቀ ይሸታቸዋል። ሸገር ዳቦ ፋብሪካም ሰኔ 2012 ሲመረቅ በሰዓት 80 ሺህ ዳቦ የመጋገር አቅም አለው ተብሎ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ግን ቢያንስ መሸጫው የት እንዳለ ይታወቃል። ጤፍ ኩንታሉ ከ10 ሺህ ብር ባለፈበት ዘመን ዳቦ የት እንዳለ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ቀንና ቦታው የታወቀው ነገር ሁሉ ይነስም ይብዛ ይደርሳል። በጆሮ የሚከፋፈለው ግን ለባለ ጆሮ ብቻ ነው የሚደርሰው። ቀን ሙሉ ሥራ ላይ ያለ፣ ታሞ የተኛ፣ ሰፈሩ አዲስ የሆነበት፣ ከእትዬ ጋር የተኳረፈ ሰው ከሱቅ በውዱ ይገዛል። ጎረቤታችን ያለች አንዲት ልጅ በከተማ ሴፍቲኔት መንገድ ትጠርጋለች፣ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። ድጎማው ለማን ተብሎ ነው የመጣው ቢባል መጀመሪያ ለእሷ ነው። ዘይቱ ሲታደል እሷ መጥረጊያዋን ይዛ አስፋልት ላይ ናት።

ይህንኑ ልናገር አንድ ስብሰባ ገባሁ። «የኑሮ ውድነትን ለማረጋጋት በተሠሩ ሥራዎች ዙሪያ ከነዋሪው ጋር የሚደረግ ውይይት» ነው የሚለው ጥሪው። ጥሪው እንዴት ደረሰን ብትሉ፣ የብሎክ ተወካዩ ቤት ለቤት እያንኳኳ አስፈርሞን ነው። በሩን ያውቀዋል ማለት ነው! ለስብሰባ ሲሆን በሌሊትም ያንኳኳል፣ ቤት ያልነበረ ሰው ሲመለስ ይጠብቀዋል።

ውሃ ታደለ። ሪፖርት ተነበበ፣ ረጅም ነው፣ መቶኛ የበዛበት ነው። ከዚያ «መድረኩ ክፍት ነው» ተባለ። እጄን አወጣሁ። በትህትና ነው የጠየቅኩት። «ሸማቾች ዘይት ወይ ስኳር ሲገባለት ከአንድ ቀን በፊት ማስታወቂያ ቢለጠፍ፣ የሚታደልበት ሰዓትም ሠራተኛው ከሥራ ከወጣ በኋላ ቢሆን ምን ይመስላችኋል?»

መድረክ ላይ ያለው ወጣት ኃላፊ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ጨዋ ልጅ ነው። «ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ወንድሜን አመሰግናለሁ» አለ። «እኛም በዝርዝር ያየነው ጉዳይ ነው። ነገር ግን ማስታወቂያ ከለጠፍን ሰው ይሰማል። ሰው ከሰማ ይመጣል። ከመጣ ደግሞ አይዳረስም።»

አዳራሹ ውስጥ ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ፣ በመስማማት። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌም «እውነቱን ነው እኮ፣ አሁንስ መች አነስን» አሉና ወንበራቸውን ከእኔ ትንሽ ፈቀቅ አደረጉት።